ያለ ጫት የመረቀነው ወንድማችን

ዓሪዳ፣ ሰኔ 4 ቀን 2009

ለእህቴ ለዘሐራ፤

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ደህና ነኝ፣ አላህ ይመስገን። እናታችን እግሯን እንዴት አደረጋት? ባቲ ዝናብ ጣለ ወይስ አሁንም ሰማይ ሰማይ ታያላችሁ? ይህን ወረቀት የምታደርስልሽ ከድጃ ናት፤ ሳዑዲ ለሕገ ወጦች የሰጠችው ምሕረት ሳያልቅ አገሬ ልግባ ብላ ነው። ስልክ እያለ ወረቀት ምን አመጣው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ስልኩ ላይ እናታችን «ድምፁን ከፍ አድርጊው፣ እኔም ልስማ» ትልሻለች። እዚህም አንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰው ነው የምንተኛው፣ ስምንቱም ጆሮ አለው።

ያሲን ለምን ቶሎ ቶሎ አይደውልም ላልሽው፣ ጊዜ የለውም። እውነቱን ልንገርሽና ልጁን አላወቅሁትም። በየመን በኩል ተንከራቶ ሲደርስ አጥንቱ ብቻ ነበር የቀረው፤ በሁለት ወር ውስጥ አንበሳ ሆነ። የፍየል በረቱን አጥር፣ ሦስት ሰው በሳምንት የሚሠራውን፣ ብቻውን በሦስት ቀን ጨረሰው፤ ያውም በጾም አፉ! ዐረብኛውንስ ብትይ፣ እኔ በዘጠኝ ዓመት ያልቻልኩትን እሱ እንደ ውኃ ጠጥቶታል። የሚያሠራኝ ከፊሌ ራሱ ሳቀና «ቃሲም፣ እንዲህ ያለ ወንድም እያለህ አንተ ለምን መጣህ?» ብሎ ቀለደብኝ።

ታዲያ ደስ ሊለኝ ሲገባ ነገሩ አልጣመኝም። አይተኛም። ረመዳን ነው፣ ማን ይተኛል እንዳትይኝ። እኛ ከሱብሒ በኋላ ጋደም እንላለን፤ እሱ ያን ጊዜ ድንጋይ ይሸከማል። ወሬው አይቆምም፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ላይ ይዘላል። ስንስቅ ከሁላችን በላይ ይስቃል፣ ትንሽ ከተቃወሙት ደግሞ ዓይኑ ይቀላል። ጫት ነው እንዳልል፣ እዚህ በጫት መያዝ ምን እንደሚያመጣ ያውቃል። ደግሞም ጉንጩን አይቻለሁ፣ አፉንም አሽትቻለሁ። ዘሐራ፣ ያለ ጫት የመረቀነ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። ኪኒን ነው የሚሉም አሉ፤ ከተራራው ማዶ የሚገባ ኪኒን አለ ይባላል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ ከቤት ስወጣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከማን ጋር ይውል ነበር? ምን ይጠቀም ነበር? ሳትሸፋፍኚ ጻፊልኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። እኔ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ አለኝ፣ እሱ ግን የለውም፤ በእኔ ጥላ ሥር ነው ያለው። አንድ ነገር ቢሠራ ተጠያቂው እኔ ነኝ።

ወንድምሽ ቃሲም


ባቲ፣ ሰኔ 29 ቀን 2009

ለወንድም ጋሼ ለቃሲም፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እናታችን እግሯ ደህና ነው፤ አፏ ደግሞ ከእግሯ የበለጠ ደህና ነው። ዒዱን ያላንተና ያለ ያሲን ዋልነው፤ ሥጋው ከጉሮሯችን አልወርድ ብሎ ዋለ። ከድጃ ደብዳቤህን ስትሰጠኝ የፖስታው ጫፍ ተነሥቶ ነበር። «ሻንጣ ውስጥ ሆኖ ነው» አለችኝ። ይሁንላት። እኔ ይህን በሊጥ ለጥፌዋለሁ፤ ለቅቆ ካገኘኸው እወቅበት።

ያሲንን ለጠየቅኸኝ፣ ጫት በዱዓ ቀን ከሰው ጋር ካልሆነ አይቀምስም ነበር። ከመጥፎ ልጅም አይውልም። ጎበዝ ነው፣ ንቁ ነው፣ አባታችንን ነው የመሰለው። ከመሄዱ በፊት በነበረው ወር የጓሯችንን ጉድጓድ ብቻውን ቆፍሮ ውኃ አውጥቷል፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይመርቀዋል። ሌላ የምነግርህ ነገር የለኝም።

ይልቅ አንተ ምን ልታደርገው ነው እንዲህ የምትመረምረው? ሲሠራ «ምን በልቶ ነው?»፣ ቢተኛ «ሰነፍ ነው»። አባታችን የሞተ ዕለትም በስልክ «ምን ሰጥታችሁት ነው?» ብለህ እናታችንን ያስለቀስካት አንተ ነህ። ሰውን በጥርጣሬ ማጠብ አመልህ ነው፤ ከዓረብ አገር አልተማርከውም፣ ይዘኸው ነው የሄድከው።

ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ባለፈው ሳምንት ያሲን በሰው እጅ አራት ሞባይል ላከልን። አንዱ ለእኔ ነው፤ ሦስቱን «መጀመሪያ መንገድ ላይ ለምታገኚያቸው ሰዎች ስጪ» ብሏል። ምን ማለት ነው? መንገድ ላይ ያገኘሁት የወፍጮ ቤቱን ዘበኛ ነው፤ ለሱ ሞባይል ልስጥ? አንተ የምታውቀው ነገር አለ?

የፈይሰል ቤተሰቦች እኔን ለልጃቸው ለመጠየቅ ሽማግሌ ልከዋል። አባቱ ዘር ቆጣሪ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ ማን እንደ ሰረቀ፣ ማን እንዳበደ ይጠይቃል አሉ። ከድጃ ደግሞ ለነሱ የግድግዳ ጎረቤት ናት። የምትጽፈውን አስበህ ጻፍ።

እህትህ ዘሐራ


ዓሪዳ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2009

ለዘሐራ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ሊጥሽ ደርቆ ተፈርፍሮ ነው የደረሰኝ። ደብዳቤሽን የያዘችው ረይሃና ከእረፍት ስትመለስ ጂዛን ድረስ ሄጄ ነው የተቀበልኳት፤ «እኔ አልነካሁም» ብላ ሳልጠይቃት ማለችልኝ። ሳይጠየቅ የሚምል ሰው አልወድም።

ስለ ሞባይሎቹ አላውቅም ነበር። ስጠይቀው እየሳቀ «ጋሼ፣ ያለው ሰው ይሰጣል» አለኝ። ያለው ሰው! የሚለብሰው ሸሚዝ የእኔ ነው።

ዒድ ካለፈ ሁለት ወር ሊሆነው ነው፣ እሱ ግን አሁንም አይተኛም። ሁለት ሰዓት ካሸለበ በዛ። ከዚህ የባሰው ምን መሰለሽ? መንገዱ ላይ የወታደሮች ኑቅጣ አለ፣ ወደ የመን ድንበር፣ ወደ ኹባ የሚያልፈውን ሁሉ የሚፈትሹበት። እኛ እሱን ላለማየት በሸለቆ ዞረን የምንሄድ ሰዎች ነን። ያሲን ሻይ በፔርሙዝ ይዞ ይሄድላቸዋል! ከአንዱ ወጣት ወታደር ጋር ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ሲስቁ ታይተዋል። መድፉን የት ቢያቆሙት እንደሚሻል ይመክረዋል አሉ።

ሙሉሰው የሚባል የጋይንት ሰው አለ፤ ግመል ጠባቂ ነው፣ ሸለቆው ውስጥ ላለነው ሐበሾች ሁሉ ሽማግሌያችን እሱ ነው። ለብቻዬ ጠራኝና «ወንድምህ ከወታደር ጋር የሚስቀው ስለ ምንድን ነው?» አለኝ። እዚህ ከወታደር ጋር የሚስቅ ሐበሻ ወይ ጃሱስ፣ የመንግሥት ጆሮ ነው፣ ወይ ሊሆን ነው።

ሻንጣውን ፈተሽሁ። አዎ ፈተሽሁ፣ አትቆጪ። ኪኒን የለም፣ ጫት የለም። ያገኘሁት ደብተር ነው። ከዓሪዳ እስከ ሙወሰም ያለውን ሐበሻ ሁሉ መዝግቦታል፤ ስሙን፣ የሚያድርበትን እርሻ፣ ኢቃማ ያለውን በሰማያዊ፣ የሌለውን በቀይ። ሁለት መቶ ምናምን ሰው! ምንድን ነው ብዬ ስይዘው ዓይኑ በራ። «ዕድር ነው ጋሼ። እዚህ ሰው ሲሞት ቀባሪ የለውም። እኔ ሊቀመንበር ነኝ፣ አንተን ገንዘብ ያዥ አድርጌሃለሁ» አለኝ። ማን መረጠህ ስለው «ምርጫ ጊዜ ያባክናል» አለኝ። መመዝገባቸውን የማያውቁ ዕድርተኞች! ወላሂ አላመንኩትም። ዕድር ቀይና ሰማያዊ ምን ያደርግለታል? ደብተሩን ወስጄ ፍራሼ ሥር አድርጌዋለሁ።

ዘሐራ፣ አንቺ የደበቅሽኝ ነገር አለ። «ሌላ የምነግርህ ነገር የለኝም» የሚል ሰው ሌላ ነገር አለው።

ቃሲም


ባቲ፣ መስከረም 9 ቀን 2010

ለወንድም ጋሼ፤

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሰህ። ደብተሩን አቃጥለው። ዛሬውኑ፣ ይህን እንዳነበብክ። ዕድርም ይሁን ሌላ፣ የሰው ስም የሰፈረበት ወረቀት እዚያ አገር ምን እንደሚያመጣ እኔ ባቲ ተቀምጬ ይገባኛል።

ደግሞ አንድ ነገር አደራ። ያሲን አንድ ቀን ዝም ሊል ይችላል። ሊተኛ ይችላል፣ እንዲያው ዝም ብሎ ሊተኛ። ያን ጊዜ አትስደበው፣ ሥራ ውጣ አትበለው። ሾርባ ስጠው። የሚናገረውንም ነገር ሁሉ አትመን። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ። በሰው እጅ በሚሄድ ወረቀት የሚጻፍ አይደለም።

ኒካሁ ለየካቲት ተቆርጧል። የፈይሰል አባት ሁለት ጊዜ መጥቶ ግቢያችንን ዞሮ አየ፤ ጉድጓዱን አይቶ «ይህን የቆፈረው ልጅ የት ነው?» ብሎ አደነቀ። እናታችን ቀና ብላ ዋለች። ጋሼ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ያውም አባት የሌለኝ። አምስት ወር ብቻ ታገሠኝ፤ ከኒካሁ በኋላ ሁሉንም አንድም ሳላስቀር እነግርሃለሁ።

ዘሐራ


ዓሪዳ፣ ኅዳር 25 ቀን 2010

ለውድ እህቴ ለዘሐራ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። እንደምን አላችሁ? እናታችን እንደምን ናት? ጎረቤቶቻችን፣ ዘመዶቻችን፣ ከብቶቹ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ለአላህ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። ያልደወልኩት ስልኬ ተሰብሮ ነው።

አፈሳ ነበር፣ ሰምታችሁ ይሆናል። እኛን ምንም አልነካንም። ያሲን ሥራ ቀይሮ ወደ ሙወሰም ወርዷል፤ ባሕሩ ዳር ዓሣ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ነው። እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ አይደውልም። ለእናታችን እንዲሁ ብለሽ ንገሪያት። ሾርባውን ሰጥቼው ነበር። ስለ ደብተሩም አታስቢ፣ ከእንግዲህ የለም። ለኒካሁ እንኳን ደስ ያለሽ።

ሙሉሰው ሰላም ብሎሻል።

ወንድምሽ ቃሲም


ባቲ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2010

ቃሲም፤

ሰላምታ የለኝም። አንተ ስትዋሽ ሰላምታ ታበዛለህ። ከብቶቹ? የትኞቹ ከብቶች? አንዷን ላም ለአባታችን ሰደቃ እንዳረድናት ረሳኸው? ሙሉሰውስ እኔን ከየት አውቆኝ ነው ሰላም የሚለኝ?

ሰኞ ገበያ ቆሜ ሽንኩርት እመርጣለሁ። አንድ የሐርቡ ልጅ፣ ከጂዛን ተጠርዞ የመጣ፣ ለሰው ያወራል። ዓሪዳ ላይ ሐበሾቹ አውጫጭኝ ተቀመጡ አለ። አሥራ አንድ ሰው ያስያዘ ጃሱስ በገዛ አፉ አመነ አለ። «የየት አገር ልጅ ነው?» አለው አንዱ። «የዚሁ፣ የባቲ ልጅ ነው» አለ። ስሙን እንዳይጠራ ዱዓ እያደረግሁ፣ ሽንኩርቱን እዚያው ጥዬ ወጣሁ።

አሁን የደበቅሁህን ስማ። ዛሬ ይህን ደብዳቤ ሰው ቢከፍተውም ይክፈተው።

አባታችን የሞተው ሽንት ከልክሎት ሐኪም ቤት ተኝቶ ነው፤ ይህን ታውቃለህ። አርባው በወጣ ሰሞን ያሲን ድንገት «አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ» አለ። ከዚያ ተኛ። ካምና ጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። አይታጠብም፣ ትምህርት ቤት አይሄድም፣ እንጀራ ስናቀርብለት «ለነፍሰ ገዳይ አታብሉ» ይላል። የጎረቤት በግ ስትሞትም እኔ ነኝ አለ። ልጁ ሲያመው የሚለው ነገር ይህ ነው ቃሲም! ሰፈሩን «ወባ ይዞት ነው» አልን። ሼኹ ጋር ወስደን ውኃ አስረጨነው። ጥር ሲገባ ተነሣ፤ መነሣት ብቻ? ቤቱን ገለበጠው። ሳቀ፣ ዘፈነ፣ ጉድጓዱን ቆፈረ፣ የእግሩን ጫማ አውልቆ ለለማኝ ሰጠ። አላህ ሰማን አልን። በዚያው ሳቁ በጅቡቲ በኩል ወጣ፤ ማንም አልያዘውም፣ ምክንያቱም ደስ ብሎት ነበር።

ይህን ያልጻፍኩልህ ለኒካሁ ብዬ ነው። ራሴን አልሸፋፍንም። ዘራቸው ጤና የለውም እንዳይባል ፈራሁ፤ ለአንተ የምጽፈው ከድጃ እጅ ከገባ ፈይሰል ጋር ይደርሳል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ «ሾርባ ስጠው» ብዬ ጻፍኩልህ። ሾርባ! አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ንገረኝ። ልጁ የት ነው? ሙወሰም የሚባለውን እንዳትጽፍልኝ። ሞቶ ከሆነ ሞቷል ብለህ ጻፍ።

ዘሐራ


ዓሪዳ፣ የካቲት 3 ቀን 2010

ለዘሐራ፤

በሕይወት አለ። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ሌላውን ስታነቢ ልብሽ እንዳይቆም ነው። ጂዛን ተርሒል ውስጥ ነው፣ ወደ አገር የሚመለሱት በሚቆዩበት እስር ቤት። ስሙ አውሮፕላን ከሚጠብቁት ጋር ወጥቷል፤ ምናልባት ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይገባልሽ ይሆናል።

ዋሽቼሻለሁ። አሁን የሆነውን ልጻፍልሽ።

ጥቅምት ላይ ዝም አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ለሶላት እንኳ አይነሣም። ሾርባውን ሰጠሁት፣ ግን እየተጠራጠርኩ ነው የሰጠሁት። ከሚልኩት ሰዎች ጋር ተጣልቶ ነው የተደበቀው እል ነበር። ኅዳር ላይ ሹርጣ፣ ፖሊሱ ሸለቆውን ከበበና አሥራ አንድ ሰው ወሰደ። ከእኛ ክፍል አንድም ሰው አልተነካም። ዓይን ሁሉ ወደ እኛ የዞረው በዚህ ነው።

ሙሉሰው ሰው ሰበሰበ። እንደ አገር ቤት አውጫጭኝ አደረግነው፤ ጠቋሚው ሳይወጣ ከቦታው የሚነሣ፣ ውኃ የሚጠጣ የለም። ሙስሊሙ በቁርአን፣ ክርስቲያኑ በማተቡ ያየውን ላይደብቅ ማለ። ከቀትር ዙሁር እስከ ማታ መግሪብ ተቀመጥን። አንዱ «ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ነው የሚያድረው» አለ። አንዱ «ለወታደር ሻይ ሲያደርስ አይቻለሁ» አለ። «ስሜን ጠይቆኛል፣ የማድርበትንም ጠይቆኛል» የሚለው ሲበዛ የተሰበሰበው ሃያ ሰባት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ምያለሁ። ተነሥቼ ደብተሩን ከፍራሼ ሥር አወጣሁና መሀል ላይ አስቀመጥኩት። አቃጥለው ብለሽኝ ነበር። ያላቃጠልኩት፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አንድ ቀን ማስረጃ ይሆናል ብዬ ነው።

ያሲንን በብብቱ ደግፈው አመጡት። ጢሙ አድጎ፣ ልብሱ እላዩ ላይ ተሰቅሎ የሌላ ሰው ይመስላል። ሙሉሰው ክፉ ሰው አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የጠየቀው። «ልጄ፣ ይህን ስም ለማን ሰጠኸው?» አለው። «እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑን ነው አንተ?»

«ሁሉንም። የተያዙት በእኔ ነው። ልጆቻቸው የሚያለቅሱት በእኔ ነው። ኹባ ላይ የወደቀው መድፍም በእኔ ነው።»

ዘሐራ፣ እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ከየመን የሚተኮስን መድፍ ፍራሽ ላይ ተኝቶ የሚያዝ ሰው የት አለ? የአንቺም ቃል ነበረኝ፤ የሚናገረውን ሁሉ አትመን ብለሽኝ ነበር። ግን አውጫጭኝ ላይ ያመነ ሰው አመነ ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ይጠይቃል? ሁሉም እፎይ አለ። እኔ ራሴ እፎይ አልኩ፤ ለወራት የጠረጠርኩት ልክ ነበር ብዬ።

ሊደበድቡት ሲነሡ ሙሉሰው በዱላው ከለከላቸው። «ዋስ ያለው ይቀመጣል፣ ዋስ የሌለው ይወጣል» አለ። ከእኔ ሌላ ማን ዋስ አለው? ያሲን ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ኸላስ፣ እኔ አልዋሰውም» አልኩ። በቆመበት ዞሮ በኹባ መንገድ ሄደ። ማንም አልተከተለውም፤ እኔም አልተከተልኩትም።

ፈለግሁት ልልሽ እችል ነበር። አልፈለግሁትም። ደብዳቤሽ እስኪደርስ ተናድጄበት ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ግን ዘጠኝ ዓመት ዞሬ ያለፍኩትን ኑቅጣ ፊት ለፊት ሄድኩበት። ያ ወጣት ወታደር «የያሲን ወንድም ነህ?» አለኝ፤ አፍንጫችን አንድ ነውና። ያን ዕለት ያሲን እነሱ ጋ መጥቶ «ጃሱስ ነኝ፣ ግደሉኝ» አለ። በዚህ ጦርነት፣ በዚህ ድንበር! ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆን ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ነበር። ወታደሩ ግን «መሪድ ነው፣ ታሞ ነው እንጂ እኔ የማውቀው ያሲን ይህ አይደለም» ብሎ ውኃ አጠጥቶ ወደ ጂዛን አስወሰደው። ባዳ በአንድ እይታ ያየውን እኔ የእናቱ ልጅ ሰባት ወር አንድ ክፍል ውስጥ አድሬ አላየሁትም።

አፈሳውም የጥቆማ አልነበረም። በዚያ ሳምንት ከዓሪዳ እስከ ሙወሰም ያልተከበበ ሸለቆ የለም። የእኛ ክፍል የተረፈው በሩ በፍየል በረቱ በኩል ስለሆነ ሳይታይ ቀርቶ ነው። ጠቋሚ የሚባል ሰው ጭራሽ አልነበረም። ይህን ለሙሉሰው ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ «በአፉ አመነ እኮ» አለ።

ንጹሕ መሆኑን ንገሪው። ቃሲም ይቅር በለኝ ብሏል በይው። አንቺም ከቻልሽ።

ቃሲም


ባቲ፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2010

ለወንድሜ ለቃሲም፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ገብቷል። የካቲት አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩት። ተመላሾቹ መሀል ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠራ፣ አቤት አላለም፤ እኔ ነኝ አቤት ያልኩለት። እናታችን ከበር ስታየው «ይህ የማን ልጅ ነው?» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ሰው እንዳያየው በጓሮ ላስገባው አስቤ ነበር። በራሴ ተናደድኩና በትልቁ በር፣ ሰው ሁሉ ደጅ ተቀምጦ ሳለ አስገባሁት። በማግስቱ የፈይሰል አባት መጣ። «ምን ሆኖ ነው፣ ወባ ነው?» አለኝ። «አይደለም። አእምሮውን ነው የሚያመው፤ ከዚህ በፊትም ታሟል፣ ደብቀናችሁ ነው» አልኩት። የሰጠሁትን ውኃ ሳይቀምስ ወጣ። ኒካሁ ቀርቷል። ፈይሰል ሁለት ጊዜ ደወለ፣ ሦስተኛ አልደወለም። አልቅሻለሁ፤ አላለቀስኩም ብልህ ትጠረጥረኛለህ።

ደሴ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ ከእኔ ቢበልጥ በሦስት ዓመት ነው። ስለ ማዘኑ፣ ስለ መተኛቱ ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን «ደስ ሲለውስ እንዴት ነው? ደጉን ጊዜ ንገሪኝ» አለኝ። እኔም እየኮራሁ ነገርኩት፤ ጉድጓዱን፣ በጾም አፉ የሠራውን አጥር፣ ሞባይሎቹን፣ ሰው ሁሉ እንዴት ይወደው እንደነበር። እኔ እየሳቅሁ አወራለሁ፣ እሱ ቀና ሳይል ይጽፋል። ከዚያ «በዚያን ጊዜ ስንት ሰዓት ይተኛ ነበር?» አለኝ። ያንተን ደብዳቤ አስታውሼ «ሁለት ሰዓት ካሸለበ በዛ» አልኩት።

ቃሲም፣ ለካ ያም ሕመሙ ነበር! ሰፈር የመረቀበት፣ እናታችን ለሽማግሌ ያሳየችው፣ አንተ አንበሳ ሆነ ብለህ የጻፍክልኝ። ሐዘኑም ደስታውም አንድ በሽታ ነው አለኝ ሐኪሙ። ብዙ ጊዜ በዚህ ዕድሜ ይጀምራል፣ መውደቁን ሰው ስንፍና ይለዋል፣ መነሣቱን ጉብዝና ይለዋል አለኝ። «ታዲያ ወንድሜ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «መድኃኒቱን ይውሰድና አብረን እናያለን» አለኝ። ቅር አለኝ፣ ግን ያልዋሸኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

መልእክትህን አድርሻለሁ። ጠቋሚ አልነበረም፣ ንጹሕ ነህ አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝና «ጋሼ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው እንጂ እኔ ነኝ» አለ። ይቅር በለኝ ብሏል ስለው ደግሞ «ጋሼ ምን አደረገኝ?» አለኝ። ወላሂ ብትሰማው ኖሮ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ትል ነበር። እኔ ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። አንተም አትበለኝ። አንተ በጥርጣሬህ፣ እኔ በዝምታዬ፣ ማን ለማን ይምራል?

ይህን ትናንት ጽፌ ልዘጋው ነበር። ዛሬ ሱብሒ ሳይጠራ የመጥረጊያ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ያሲን ታጥቦ፣ ጢሙን ተላጭቶ ግቢውን ይጠርጋል። የእኛን ጨርሶ የጎረቤትን ጠረገ። ለእናታችን ቁርስ ሠርቶ አቀረበላትና የሆነ ነገር ነግሮ አሳቃት፤ እሱም ሳቀ። ያን ሳቅ ከሰማነው ስንት ጊዜ! እናታችን እልል አለች። ጎረቤት ወጣ፣ ሴቶቹ እያቀፏት ያለቅሳሉ። እኔንም ግንባሬን ስሞ «ዘሐራ፣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የጠቆረው?» አለኝ።

ክፍሉ ገብቼ ኪኒኑን ቆጠርኩ። የአምስት ቀኑ እንዳለ ነው።

ስወጣ እናታችን በእጄ የያዝኩትን ኪኒን አየችና ገባት። «ለልጄ ደስታም ምቀኛ ሆንሽበት?» አለችኝ ሰው ፊት። የደሴው መኪና በሁለት ሰዓት ይነሣል። ያሲን ልብሱን እየለበሰ ነው፤ ወዴት ነው እንኳ አላለኝም፣ ደስ ብሎት ነው የሚከተለኝ። ደብዳቤውን የሚይዝልኝ ሰው መንገድ ላይ አገኛለሁ።

እህትህ ዘሐራ